ሙቀቱ የማን ነው

ሴትዮዋ ጋቢውን በሁለት እጆቿ እያሻሸች «ይሞቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ይሞቃል ወይ?» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጥያቄው ራሱ እንደ ስድብ ተሰምቶት። «እመቤቴ፣ ይሄ እኮ ሙቀት ያደረበት ጋቢ ነው። ሙቀቱ ከሸማኔው ክንድ ነው የገባበት። ይህን ለብሰሽ እንጦጦ አናት ላይ ብታድሪ በላብ ትጠመቂያለሽ እንጂ ብርድ የሚባል ነገር አያገኝሽም።»

ከሱቁ በር አጠገብ፣ በርጩማ ላይ፣ መነጽር ያደረገና ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከገባ ቆይቷል። «ደንበኛዎን ይጨርሱ፤ እኔ ጊዜ አለኝ» ብሎ፣ ለምን እንደመጣ ሳይናገር፣ ጉልበቱን ገጥሞ ይጠብቃል። አሁን ጉሮሮውን ጠራረገና ለገበያተኛዋ በትሕትና፣ «ለነገሩ ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም» አላት። «ሙቀቱ የእርስዎ ነው።»

ሰውየው ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ቀጥሎ ሊል ያሰበው፣ የሰውን ሙቀት ሳያባክን የሚይዝ እንዲህ ያለ ሥራ በየቦታው አይገኝም የሚል ነበር፤ ምስጋና መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ግን የሰማችውን ግማሽ ይዛ ጋቢውን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገችው። «እውነት የሚናገር ሰው አይጥፋ» ብላ ወጣች፤ መንገዱን ተሻግራም ማዶ ካለው ሱቅ ገባች።

ሀብተ ጊዮርጊስ በዓይኑ እስከ ማዶ ሸኛትና ቀስ ብሎ ወደ ሰውየው ዞረ።

«ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም ጋሽ ሀብቴ፤ እኔ እንኳ...»

«ስሜንም ነግረው ነው የላኩህ! ከማዶ ነው አይደል? በላቸው፤ ወንድሜ ባቆመው ቤት የተሠራን ጋቢ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የሚያስወራን ሰው፣ እሱን እግዜር ያቀዝቅዘው በላቸው!»

«ቀዝቃዛ አላልኩም። እ... ማለቴ፣ በፊዚክስ ካየነው...»

«ፊዚክስህን ይዘህ ውጣ!»

ሰውየው ብድግ ሲል ከላይ የተሰቀሉት ነጠላዎች ራሱ ላይ ወረዱ። ከአንዱ ሲላቀቅ ሌላው ይይዘዋል። ለነጠላዎቹም ለሀብተ ጊዮርጊስም በር ላይ ለተደገፈው መጥረጊያም በየተራ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሶሊያና መጣች። ሶሊያና የሟቹ ወንድሙ የአንጁሎ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታጠናለች፤ ክፍል በማይኖርባት ሰዓት ሱቁ ጥግ ተቀምጣ መጽሐፏን ትገልጣለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ አጎቷ ሁልጊዜ «ምን አልሽ?» እያለ ያስደግማታል። ዛሬ ግን ገና ከደጅ፣ ሳያስደግማት፣ «ጋሼ፣ መምህር ዓምሃን ለምን አባረሩት?» አለችው።

«የቱ መምህር?»

«መነጽር ያደረገው። ጳውሎስ ጋ ካለው ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምረው። መንገድ ላይ ሳገኘው ነጠላ ትከሻው ላይ ነበር፤ ሳያውቀው ይዞት ወጥቶ፣ መልሺልኝ ብሎ ሰጠኝ።» ነጠላውን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ሊተዋወቅዎት ነበር የመጣው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት።»

«ሽማግሌ? ማንን ሊጠይቅ?»

ሶሊያና ዓይኗን ነጠላው ላይ ተከለች። «እማዬን።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ሰውየው በተነሣበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

የሶሊያና እናት የአዲሳለም ነገር እንዲህ ነው። አንጁሎ በሳንባ ምች ከሞተ በኋላ ልጇን ያሳደገችው ለሀብተ ጊዮርጊስ ሱቅ ፈትል እየፈተለች፣ የነጠላ ቁጪት እየቋጨች ነው። የገዛ ዘመዶቿ ጨንቻ ናቸው፤ ሩቅ ናቸው። ስለዚህ በአዲስ አበባ አባቷም ወንድሟም የባሏ ታላቅ ወንድም ሆኖ ቀረ። ለደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል ስትመላለስ ከመምህሩ ጋር በወረፋ ተዋወቁ። ወረፋ ረጅም ነው፤ መምህሩም ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ተስማሙ። ሽማግሌ ልላክ ሲላት፣ «ወደ ጋሽ ሀብቴ ላክ» አለችው። «እሱ ሳይመርቀኝ ከዚያ ቤት አልወጣም። እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ አትለምነኝ።»

እንግዲህ የሁለት ሰዎች ዕድሜ ማምሻ ያለው በዚህ በተቆጣ ሰው አፍ ላይ ነው። በምን እንደተቆጣ ለማወቅ ደግሞ የሀብተ ጊዮርጊስን አመል ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተማረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ሶሊያና ሱቅ ውስጥ ማጥናት ከጀመረች ወዲህ፣ «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው» እያለ፣ የሊቃውንቱን ታሪክ ሁሉ እንደ ሰፈር ወሬ ሰምቷል። እንደ ሰፈር ወሬም ይፈርዳል። የሞቱ ፈረንጆችን ጠብ ከልቡ ይይዛል፤ ከአንዳንዶቹ ጋር ኩርፊያ አለው።

ከኒውተን ጋር ለምሳሌ አይነጋገሩም።

«ፖም ሲወድቅበት ሕግ አወጣ ትይኛለሽ» ይላል። «የእንጦጦ ሴቶች ስንት ዘመን ሙሉ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የት ነበር? ክብደት ወደ መሬት እንደሚስብ እነሱ አልነገሩትም?»

«ጋሼ፣ እሱ ላይ አልወደቀም። ሲወድቅ አይቶ ነው የሚባለው።»

«ጭራሽ አላመመውም!»

ኒውተን ሁክ ከሚባለው ሊቅ ጋር የነበረውን ጠብ ሲሰማ ደግሞ ብሶበታል። ሁለቱ ተጣልተው ኖሩ፤ ሁክ ሞተ፤ ኒውተን የሊቃውንቱ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ የሁክ ሥዕልም ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አይታወቅም። ሶሊያና «ኒውተን አጠፋው ለማለት ማስረጃ የለም» ብላ ብታስረዳው፣ «ማስረጃ!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «የእድር ሊቀ መንበር ሲቀየር ድንኳኑ እንዴት እንደሚጠፋ አላየሽም? ማስረጃ ይገኛል? ድንኳኑ ግን የለም!»

ኬፕለርን ይወደዋል። የፈለኮችን መንገድ ማስላቱ አይደለም የማረከው፤ ያ ለራሱ ይሁንለት ይላል። እናቱን ጠንቋይ ናት ብለው ሲያስሯት ሥራውን ጥሎ ሄዶ፣ ጠበቃ ሆኖ ተከራክሮ ማስፈታቱ ነው። «ይሄ ሰው ተወልዷል» ይላል። «ከዋክብት የትም አይሄዱም፤ እናት ግን ትታሰራለች።»

ከሁሉ የከፋው ምንም ነገር ሌላ ነገርን በእውነት አይነካም የሚለው ነው። ጨርቅ ስንነካ እጃችን የጨርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶች ላይ አያርፍም፤ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የሚሰማን ያ ግፊት ነው ብላ ሶሊያና ስታነብለት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ መደርደሪያው ሄዶ አንድ ነጭ ነጠላ አወረደ። ገበያተኛ ሲያገላብጠው ጫፉ አድፏል።

«ማንም ካልነካው» አለ፣ «ማን አቆሸሸው?»



በዚህ አመሉ ላይ ነው እንግዲህ የሙቀት ነገር የመጣበት። መምህሩ ከወጣ በኋላ ያን ቀን ሌላ ደንበኛ አላስተናገደም። ሙቀት ከሸማኔው ክንድ ይገባል የሚለው ቃል የአንጁሎ ቃል ነው። አንጁሎ እግሩን ከሸማ ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን እየወረወረ ለሚመጣው ለሚሄደው ሁሉ ይለው ነበር። ለሀብተ ጊዮርጊስ ከወንድሙ የቀረለት ይህ ቃል ነው፤ በየቀኑ ባንኮኒው ላይ ይደግመዋል። አሁን አንድ ባለ መነጽር መጥቶ በደንበኛ ፊት ቃሉን ውሸት አደረገው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሚስቱን አምጡ ሊል ነው።

«ፈልጊልኝ» አላት ሶሊያናን። «ይህን የሙቀት ነገር ማን እንደጀመረው ፈልጊና አንብቢልኝ።»

ሶሊያና ፈለገች። ባትፈልግ ኖሮ ይሻል ነበር ብላ ኋላ ብዙ አስባለች።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በፈረንሳይ አገር ላቮዋዚዬ የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ሙቀት ዓይን የማያየው ስስ ፈሳሽ ነው፤ ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው እየፈሰሰ ይገባል ብሎ ያስተምር ነበር።

ሀብተ ጊዮርጊስ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። «አንጁሎ ያለው ነዋ! ከክንዱ ወደ ድሩ፣ ከድሩ ወደ ማጉ! ቃል በቃል!»

«ይቀጥላል፣ ጋሼ።»

አብዮት ተነሣ። ላቮዋዚዬ ከግብር ሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበርና አንገቱን በስለት ቀሉት። የሚስቱንም አባት በዚያው ቀን።

«በዚያው ቀን?» ሀብተ ጊዮርጊስ አማተበ። «ባልና አባት?»

ከዚያ ራምፎርድ የሚባል ሰው መጣ። አሜሪካ ተወልዶ ጀርመን አገር የባላባት ማዕርግ ያገኘ ሰው ነው። የመድፍ ብረት ሲቦረቦር ቆሞ አየ። ብረቱን ውሃ ውስጥ አድርጎ በደነዘ መሰርሰሪያ አስፈተገው፤ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። ፍትጊያው እስከቀጠለ ድረስ ሙቀቱ አያልቅም፤ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ ሙቀት እንቅስቃሴ ነው እንጂ ፈሳሽ አይደለም አለ። የላቮዋዚዬ ትምህርት በዚህ ተነቀነቀ።

«ሰውየው ከሞተ በኋላ ማለት ነው? መልስ መስጠት በማይችልበት?»

«አዎ፣ ጋሼ።» ሶሊያና ቀጣዩን መስመር በዓይኗ አይታ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ቀጥይ።»

«ከዚያ... ፓሪስ ሄደ። የላቮዋዚዬን ሚስት አገባ።»

ደጅ ላይ የታክሲ ረዳት «ጊዮርጊስ፣ ፒያሳ!» እያለ ይጮኻል።

«ባልዋን ሌሎች ገደሉት» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ በመጨረሻ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ። «ሐሳቡን ደግሞ እሱ ገደለው። ሲጨርስ ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛ። ይህን ሰው ነው ዓምሃ ለልጆች የሚያስተምረው?»

«የራምፎርድ ሙከራ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ግን...»

«በቃኝ። ዝጊው።»

ሶሊያና ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ግን ጮክ ብሎ መከራከር ስለማትችል ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ በእሑድ መጡ። ፊት የቆመው ጋሽ ለሜሳ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው። ከኋላው አንድ ቄስና አንድ የመምህሩ ባልደረባ አሉ። እንደ ወጉ ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» ማለት ነበረበት የቤቱ ባለቤት፤ እነሱም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ማለት ነበረባቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን፣ «ቁሙ!» አለ። «ለመጣችሁበት ጉዳይ መቆምም ያንሳል።»

ጋሽ ለሜሳ ባልደረቦቹን ዞሮ አየ። «እንግዲህ ሳንናገር ከገባህ ግማሽ መንገድ ሄደናል» አለ። «እህትህን አዲሳለምን ለወንድማችን ለዓምሃ...»

«ዓምሃን ነውር የለበትም ብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ነውር ካለበት ንገረን። ማጣራት የኛ ነው።»

«እንግዲያው አጣሩ። በዚህ ሰው ሙያ ውስጥ ያለ አንድ ባላባት አለ፤ ራምፎርድ ይባላል። አንገቱን የተቀላ ሰው ሚስት አግብቷል። ሟቹ ሲሠራ የኖረውን ሥራ አፍርሶ፣ እሷንም ቤቱንም ወረሰ። የሴትዮዋን አባትም በዚያው ቀን ቀልተዋቸዋል!»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ቄሱ።

ጋሽ ለሜሳ ሳቁ ጠፋ። «መቼ ነው ይህ የሆነው?»

«መቼም ይሁን መቼ፣ ደም ደም ነው!»

«ዓምሃስ ሰውየውን ያውቀዋል?»

«ያውቀዋል ወይ? ስሙን ለተማሪዎቹ ሲያወድስ ነው የሚውለው!»

ሽማግሌ ነውር ሲነገረው፣ ሳያጣራ ሁለተኛ ደጅ አይረግጥም። በወጉ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸውና በማግስቱ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። የመምህሩ ባልደረባ ክፍል ስለነበረበት ጋሽ ለሜሳና ቄሱ ብቻ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገቡ፤ በሩን ዘጉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም፣ ከመምህራኑ መካከል ራምፎርድ የሚባል፣ በሰው መቅላት ነገር ውስጥ እጁ ያለበት፣ የሟቹን ሚስት የወሰደ ሰው እንዳለ፣ መምህር ዓምሃም ከእሱ ጋር ያለውን ግንኙነት ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ የስፖርት ሰው ነው፤ የራምፎርድን ስም ሰምቶ አያውቅም። ፊቱ ገርጥቶ ዓምሃን አስጠራ።

ዓምሃ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደረሰ። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ እንዳይመጣ ወግ ይከለክላል፤ እሱ ግን መጣ፤ ያውም ሮጦ። ክራባቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ይሄ ነውር ነው!»

«ሽማግሌ ልኮ በገዛ እግሩ የሚመጣ ነው ነውር!»

«ርእሰ መምህሩ በፀሐፊዋ ፊት፣ ባሏ የተቀላባት ሴት ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ!»

«ታውቃለህ ወይ?»

«አውቃለሁ! ማለቴ... ሰው ሁሉ ያውቃታል! ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው! ቄሱ እኮ ንስሐ ግባ አሉኝ!»

«ምክራቸው ደግ ነው።»

ዓምሃ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ ሲያደርገው የባሰ ተናዶ ነበር። ሶሊያና ጥግ ተቀምጣ መጽሐፏን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ይስሙኝ» አለ። «ራምፎርድ ማንም ይሁን ማን፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ ሙቀት እንቅስቃሴ ነው። እሱ ስላለው አይደለም። ስለሆነ ነው። እስቲ እጅዎን እንዲህ ያፋትጉ።»

«አላፋትግም።»

«እንግዲያው እኔ ላፋትግ።» መዳፎቹን አፋተገ። «ይኸው ሞቀ።»

«ያንተ እጅ ነው። እኔ ምን አውቄ?»

«ይንኩት!»

«ምንም ነገር ሌላ ነገርን አይነካም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ዓምሃ የዘረጋውን መዳፍ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሶሊያና ፊቷን በመጽሐፉ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ወንድሜ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ድምፁ ተሰባብሮ፣ «ወንድሜ ሙቀት ከክንዴ ነው የሚገባው እያለ ሞተ። አንተ ደንበኛ ፊት ውሸታም አደረግከው። መልስ አይሰጥህም፤ ሞቷል። እኔ ነኝ የምሰጥህ። ልክ እንደዚያ ሰው ሐሳቡን ቀብረህ ሚስቱን ልትወስድ አትችልም። በእኔ በኩል አይሆንም!»

«የማን ሚስት?» አለ ከበር ላይ ድምፅ።

አዲሳለም ናት። የፈተለችውን ፈትል በዘንቢል ይዛ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላየም። ዓምሃን አየችው፤ ክራባቱን ከትከሻው ላይ አወረደችለት፤ ከዚያ ዘንቢሏን ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«ለማን ነው የምትጣሉት?»

«ለሟቹ» አለ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«ለአንጁሎ?»

«ለ... ለእሱም። ለፈረንሳዩም።»

«ከትናንት ጀምሮ ጎረቤቱ ሁሉ ስለዚህ ፈረንሳዊ ይነግረኛል። ባልየው እንደተቀላ ሰማሁ። ሌላው መድፍ እንደበሳ ሰማሁ። ማን ማንን እንደቀማ ሰማሁ። ሴትዮዋ ማን ትባላለች?»

ሀብተ ጊዮርጊስ ዓምሃን አየ። ዓምሃ ሀብተ ጊዮርጊስን አየ።

«ማዳም ላቮዋዚዬ» አለ ዓምሃ።

«እሱ የባሏ ስም ነው።»

«ፈረንጆች ሲያገቡ የባል ስም ነው የሚይዙት» አለ ዓምሃ፣ ድምፁ እያነሰ።

«የአባቷንስ ስም?»

«ይተዉታል።»

«አባቷን ቀልተው፣ ስሙንም አስተዉአት?» አዲሳለም እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የምትሟገቱላትን ሴት ስም አንዳችሁም አልጠየቃችሁም?»

«ማሪ አን» አለች ሶሊያና ከጥጉ። አጎቷ በልማዱ «ምን አልሽ?» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ቀደም ብላ ጮክ አድርጋ ደገመችው። «ማሪ አን ነው ስሟ። ጋሼ አስቆሙኝ እንጂ ገና አልጨረስኩም ነበር።»

«ጨርሺው» አለች እናቷ።

ሶሊያና አነበበች። ማሪ አን ከባሏ ጋር ሙከራ ክፍል ውስጥ ትውል ነበር። እሱ የማያውቀውን እንግሊዝኛ ተምራ መጻሕፍት ትተረጉምለት፣ የመሣሪያዎቹን ሥዕል በእጇ ትሥል ነበር። ሲገድሉት የቀረውን ጽሑፉን ሰብስባ አሳተመች። ራምፎርድን ስታገባ የፊተኛ ባሌን ስም አልጥልም ብላ ከነስሙ ገባች። አልተስማሙም። አንድ ቀን እንግዶች ጠርታ ሳለ ራምፎርድ በሩን ቆልፎ አላስገባም አላቸው። እሷም እንግዶቿን በግንብ አጥር ላይ ሆና አነጋገረቻቸው። ከዚያ የፈላ ውሃ አምጥታ የሚወዳቸውን አበቦቹን ሁሉ ቀቀለቻቸው። ኋላም ተለያዩ።

መጀመሪያ የሳቀችው አዲሳለም ናት። በመሐረቧ አፏን ይዛ፣ ባንኮኒውን ተደግፋ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

«ጋሽ ሀብቴ፣ አንጁሎ ሙቀት ከክንዴ ነው ሲል እኔ ከጎኑ ሆኜ እፈትል ነበር። ክንዱ ሲዝል የማሸው እኔ ነኝ። ቤት ሲገባ እግሩ በረዶ ነበር፤ ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው። ለገበያተኛ ያን ይላል፤ ለእኔ 'በረደኝ አዲሴ' ይለኛል። ሁለቱም የእሱ ቃል ነው። አንተ አንዱን ይዘህ ቀረህ፤ እኔ ሌላውን ይዣለሁ። ማንም አይወስድብኝም።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ወንድሙ በረደኝ ሲል ሰምቶ አያውቅም ነበር። ዞሮ፣ ምንም የሚያስተካክል ነገር በሌለበት መደርደሪያ ላይ ጋቢዎቹን ያስተካክል ጀመር።

«እኔ አንጁሎን ውሸታም ማለቴ አልነበረም» አለ ዓምሃ። «ጋቢውን ላመሰግን ነበር። አጀማመሬ ተበላሸ።»

«ሁልጊዜ መጨረሻውን አስቀድም ብዬህ የለም?» አለችው አዲሳለም። ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ተመለሰች። «ለእኔ ብለህ ከተቆጣህ፣ አትስጋልኝ። ውሃ ማፍላት እችላለሁ። ለአንጁሎ ብለህ ከሆነ፣ እሱ ቅናተኛ አልነበረም፤ ታውቃለህ። ለፈረንሳዩ ብለህ ከሆነ ግን ምን እንደምልህ አላውቅም። እምቢ ካልክ እምቢ ነው፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን እምቢ የምትለው ለማን እንደሆነ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ጀርባውን እንደሰጠ አንዱን ጋቢ ፈትቶ መልሶ አጠፈው። ሊላት የሚችለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መጥቶበት አንድ በአንድ ተወው። ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ንዴቱ ግን አልለቀቀውም።

«ሁለቱም አይረቡም» አለ። «ላቮዋዚዬም! ትርጉሙ የእሷ፣ ሥዕሉ የእሷ፣ ስሙ ብቻ የእሱ? ይህን እስከዛሬ የደበቅሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ በሶሊያና ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ዝጊው አሉኝ እኮ፣ ጋሼ!»

«ዝጊው ያልኩሽን ሁሉ ትዘጊያለሽ?» ወደ ዓምሃ ዞረ። «አንተም ነገ ክፍል ስትገባ ስሟን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍ። ከራምፎርድ በላይ።»

«እጽፋለሁ።»

«ለጋሽ ለሜሳም ንገረው። ነውሩ ተጣርቷል፤ ይመለሱ በለው። ቄሱንም አረጋጋቸው።»

ሽማግሌዎቹ በቀጣዩ እሑድ ተመለሱ፤ ሀብተ ጊዮርጊስም እህቴ ናት ብሎ አዲሳለምን መርቆ ሰጠ። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ።